በተራራው ራስ ላይ ያለው ነጭ ነገር

ነገሩ የጀመረው በአንድ ማርክ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል አስተማሪ ሳለሁ፣ ባወጣሁት ፈተና ላይ «በስሜን ተራሮች ላይ በረዶ ይጥላል፤ እውነት ወይም ሐሰት» የሚል ጥያቄ ነበረበት። መልሱ፣ እኔ እንደማውቀው፣ «ሐሰት» ነው። ኪሊማንጃሮ በረዶ አለው፣ የኬንያ ተራራ በረዶ አለው፣ የኛ ራስ ደጀን ግን የለውም። ስማር የተነገረኝ ይኸው ነው፤ ሳስተምርም የምናገረው ይኸው ነበር። ክፍሉ በሙሉ «ሐሰት» ብሎ ማርኩን ወሰደ። አንድ ልጅ ብቻ «እውነት» ብሎ ጻፈ።

ልጁ ከበየዳ የመጣ ነው። አክስቱ ዘንድ ተቀምጦ የሚማር፣ ከክፍል ጓደኞቹ በዕድሜ ከፍ ያለ፣ የማይናገር ልጅ ነበር። የፈተና ወረቀት ሲመለስ ግን እጁን አወጣና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ረግጬዋለሁ» አለኝ። «የረገጥከው ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር ነው፤ እኔ የጠየቅሁት ሌላውን፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውን ነው» ስል መለስኩለት። እርሱም ዝም ብሎ ቆየና «እንደ ጥጥ ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ «ጥጥ» እያሉ ይጠሩት ጀመር፤ በሚቀጥለው ዓመት ከክፍል አጣሁት።

ይህን ሁሉ የማወራው ኑዛዜ ለመጻፍ ፈልጌ አይደለም። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ማስተማሩንም ከተውኩ በኋላ፣ ስለ ጎንደር ዘመን አንዳንድ የጉዞ መጻሕፍት ሳገላብጥ ያ የፈተና ጥያቄ ከኔና ከልጁ በፊት ቢያንስ አራት ሰዎችን እንዳከራከረ ስለ ደረስኩበት ነው። ይባስ ብሎ ክርክሩ በዚያው ዘመን በሌላ ዓለም ላይ፣ አባቶቻችን በዐውደ ነገሥት «መሪኅ» በሚሏት፣ እኛ ዛሬ ማርስ በምንላት ፈለክ ላይም ይካሄድ ነበር። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰሜን ስል አቅጣጫውን፣ ስሜን ስል አገሩን ማለቴ ነው።)

ከጥንቱ እንነሣ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዐፄ ካሌብ ወደ ሂምያር ለመዝመት በሚሰናዳበት ወራት፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ደርሶ ነበር። እዚያ በግሪክኛ የተቀረጸ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ የድል ጽሑፍ አገኘና ገለበጠው። የንጉሡ ስም በጽሑፉ ላይ አልቀረም፤ ዘመኑ ግን ከኮስማስ በብዙ ይቀድማል። ንጉሡ ወንዙን ተሻግሮ (ተከዜን ማለቱ እንደሆነ ሊቃውንት ይስማማሉ) የስሜንን ሰዎች እንደወጋ ይናገራል። አገራቸውንም ሲገልጽ ለመውጣት የሚያስቸግር፣ ጉምና ቅዝቃዜ የማይለየው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ ያለበት ተራራ ነው ይላል። ድል አድራጊ ንጉሥ የዘመቻውን ችግር ማግነኑ የታወቀ ነው፤ ጉልበት ድረስ የሚለውን ቁርጭምጭሚት ድረስ ብለን ብንቀንሰው እንኳ በረዶው አለ።

ሁለተኛው ምስክር ከ1625 እስከ 1634 በአገራችን የኖረው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ነው። እርሱም በስሜን በረዶ መኖሩን ጽፏል። ሦስተኛው ጎንደሬ ሁሉ የሚያውቀው ጄምስ ብሩስ ነው፤ በ1770 መጀመሪያ ላይ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በወገራ አልፎ ጎንደር የገባው፣ ቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች ያከመው ስኮትላንዳዊ። ብሩስ መሣሪያ የያዘ ሰው ነው። ከዋክብት የሚለካበት ኳድራንት፣ ቴሌስኮፕ፣ የአየር ግፊት መለኪያ ይዞ የዞረ፣ የሰማውን ሳይሆን ያየሁትን እጽፋለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ነው። በ1790 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ እርሱ በስሜን ተራሮች ላይ በረዶ የሚባል ነገር ጨርሶ አላየም። ኢየሱሳውያኑን በጠቅላላ፣ ሎቦን ደግሞ በተለይ ስለማይወድ፣ ሎቦ የጻፈውን ማፍረስ ሳያስደስተው አልቀረም። እነሆ ከእኔ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ «ሐሰት» ብሎ ያረመ አስተማሪ!

አራተኛው ሄንሪ ሶልት ነው። ሶልት በ1809 እና በ1810 ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ አገር የመጣ እንግሊዛዊ ሲሆን ጎንደር ለመግባት አልቻለም። ቢሆንም የስሜንን ተራሮች ከትግራይ በኩል ለማየት በቅቷል። በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ በረዶውን አየሁት ብሏል፤ ብሩስ ያላየበትንም ምክንያት አስረድቷል። ብሩስ የሄደው በተራራው ግርጌ ነው፤ ከግርጌው ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ አልገባም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ቆየሁ። በቅርብ ያለፈው አላየም፤ ወንዝ ማዶ የነበረው አየ። አገሩን የረገጠ ሰው ይህ አያስገርመውም። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ በሚሄደው መንገድ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው የአምባውን ጠርዝ ነው፤ ራስ ደጀን በምሥራቅ በኩል ከነቧሂት ጀርባ፣ ከጥልቁ የመሸሃ ሸለቆ ማዶ ይርቃል። ተራራ ሲቀርቡት ራሱን ይደብቃል።

አሁን ወደ ሰማዩ እንውጣ። ብሩስ መጽሐፉን ከማሳተሙ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1784፣ በዚያው በእንግሊዝ አገር ዊሊያም ሄርሼል ስለ ማርስ አንድ ጥናት አቅርቦ ነበር። በማርስ ሁለት ዋልታዎች ላይ ነጭ ቆብ መሰል ነገር እንዳለ፣ ቆቡም የዋልታው በጋ ሲገባ እያነሰ ክረምቱ ሲመጣ እየሰፋ እንደሚሄድ አስተውሎ፣ ይህ በረዶና አመዳይ መሆን አለበት አለ። ለአንድ አፍታ እናስበው። አንዱ ብሪታንያዊ ማንም በማይደርስበት ዓለም ላይ በረዶ አለ ይላል፤ ሌላው ብሪታንያዊ ሥሩ ባለፈበት ተራራ ላይ በረዶ የለም ይላል። እውነቱ ወደ ሩቁ ሰው ያደላ ነበር። የማርስን ዋልታዎች በየክረምቱ የሚሸፍነው የቀዘቀዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቢታወቅም፣ ከሥሩ እውነተኛ የውሃ በረዶ አለ። ሄርሼል ግማሹን በትክክል ገምቷል ማለት ነው።

ሩቅ ሆኖ ማየት ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። በ1877 ማርስ ወደ ምድር 56 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ቀረበች። ሚላኖ በሚገኘው የብሬራ መመልከቻ የነበረው ጆቫኒ ስክያፓሬሊ በፈለኳ ገጽ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አየሁ ብሎ «ካናሊ» አላቸው። ጣሊያንኛው ተፈጥሮ የቀደደውንም ሰው የቆፈረውንም ያጠቃልላል። እንግሊዝኛው ግን ሰው የቆፈረውን ብቻ የሚያሳስብ ቃል መረጠ፤ የስዊዝ ካናል ከተከፈተ ገና ስምንት ዓመቱ ነበርና ቃሉ በያንዳንዱ ጋዜጣ አንባቢ አፍ ላይ ነበር። በነገራችን ላይ፣ አማርኛ ተርጓሚ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ መጨነቁ አይቀርም። «ፈፋ» ቢል ጎርፍ የቀደደው ነው፤ «ቦይ» ቢል ባለቤት ያለው፣ ሰው የቆፈረው ነው። «ቦይ» በተባለ ቅጽበት ዶማ የያዘ ሰው አብሮ ይመጣል።

መጣም። አሜሪካዊው ፐርሲቫል ሎውል በ1894 አሪዞና ውስጥ የራሱን መመልከቻ ሠርቶ፣ መስመሮቹ ከዋልታ የሚቀልጠውን በረዶ ወደ ደረቁ አገር የሚያመጡ የመስኖ ቦዮች ናቸው፣ ቆፋሪዎቹም ብልህ ፍጡራን ናቸው እያለ መጻሕፍት አሳተመ። ዓለም ወደደው። እኔም ልጅ ሆኜ ባነበው ኖሮ እወደው ነበር።

(አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም። ስክያፓሬሊ ለማርስ ቦታዎች ስም ሲሰጥ ከጥንቱ የዓለም ጂኦግራፊ ተውሷል፤ አንደኛውን ሰፊ ስፍራ «ኤትዮፒስ» ብሎታል። ጣሊያኖች አሰብ ላይ መሬት ገዝተው ዐይናቸውን ወደ ደጋው በጣሉበት በዚያው ዘመን ማርስ ላይም የኛ ስም በካርታ ተጽፎ ነበር። የዚያኛው ኢትዮጵያ ግን እስካሁን ማንም አልዘመተበትም።)

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን ይበልጥ የነካኝ የአንድ የክፍል ሙከራ ነገር ነው። ኤድዋርድ ማውንደር የተባለው የግሪኒች የሥነ ፈለክ ሰው በ1903 ይፋ ባደረገው ሙከራ፣ የተማሪ ቤት ልጆችን በረድፍ አስቀምጦ ከፊታቸው ክብ ሥዕል ሰቀለ። በክቡ ላይ ነጠብጣብና የተዝረከረከ ጥላ እንጂ መስመር አልነበረም። ያያችሁትን ሣሉ አላቸው። ከፊት የተቀመጡት ነጠብጣቡን ሣሉ። ከኋላ ያሉት ምንም አልታያቸውም። መካከል ላይ የነበሩት ግን ቀጥ ያሉ መስመሮች ሥለው አመጡ። ዐይን የተበታተነ ነገር ሲያይ፣ ለይቶ ማየትም አለማየትም ሲያቅተው፣ ያያይዘዋል። ልጆቹ አልዋሹም። ማውንደርም ከልጆቹ አንዱን እንኳ አላረመም፤ እንዲያውም የእነርሱን ስሕተት ይዞ ነው ትልልቆቹን የተከራከረው። በ1909 አንቶኒያዲ በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው በሙዶን ትልቅ ቴሌስኮፕ ሲያይ መስመሮቹ ወደ ነጠብጣብ ተበተኑ፤ በ1965 ማሪነር 4 የተባለችው መንኩራኩር በማርስ አጠገብ ስታልፍ በላከቻቸው 20 በሚያህሉ ፎቶግራፎች ላይም ቦይ አልተገኘም፤ የተገኘው ጉድጓድ በጉድጓድ የሆነ ምድር ነው።

ወደ ነጩ ነገር ልመለስ። ስክያፓሬሊ በ1879 በማርስ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አይቶ «የኦሊምፐስ በረዶ» ብሎ ሰይሟት ነበር። በ1971 ኅዳር ወር ማሪነር 9 በሌላ ፈለክ ዙሪያ ምሕዋር የያዘች የመጀመሪያዋ መንኩራኩር ሆና ስትደርስ፣ ማርስ ከዳር እስከ ዳር በአቧራ ማዕበል ተውጣ አገኘቻት። ከአቧራው በላይ የሚታዩት አራት ጥቁር ነጥቦች ብቻ ናቸው። አንደኛው በትክክል «የኦሊምፐስ በረዶ» ከተባለው ቦታ ላይ ነበር። ሳምንታት አልፈው አቧራው ሲሰክን ነጥቦቹ የአራት ግዙፍ እሳተ ገሞራዎች ጫፍ መሆናቸው ታወቀ፤ ትልቁ፣ ዛሬ ኦሊምፐስ ተራራ የሚባለው፣ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ነጩም በረዶ አልነበረም። አየሩ ተራራውን ተደግፎ ሲወጣ እየቀዘቀዘ የሚፈጥረው ደመና ነው። ስክያፓሬሊ ስሙን ቢሳሳትም እዚያ አንድ ከፍ ያለ ነገር መኖሩን ሳያውቀው ምልክት አድርጎበታል።

ይህን የማሪነርን ታሪክ ለስሜን ሰው መንገር አያስቸግርም። ማለዳ ከሳንቃበር ወደ ታች ሲታይ ቆላው በሙሉ በጉም ተሞልቶ አንዳንድ የአምባ ራስ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። ጉሙ ሲገፈፍ ያ «ደሴት» የመሰለው ነገር ከሥሩ ምን ያህል ገደል እንዳለው ይገለጣል። ደግሞም የአለቱ ዝምድና አለ። ስሜን ራሱ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ላቫ ላይ የተቆለለ፣ ጋሻ የመሰለ የሞተ እሳተ ገሞራ ነው። ልዩነቱ የኛን ዝናብና ወንዝ ቆራርጠው አምባና ገደል አደረጉት፤ የማርሱን የሚቆርጠው ስለሌለ እንደ ተደፋ ምጣድ ሰፍቶ ተቀምጧል።

«ገደሉን ከላይ ሆኜ ባየው ወዲያው አውቀዋለሁ» የሚል ካለ የኔን ልንገረው። አዲስ አበባ ውስጥ ካርታ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ወዳጄ ከ700 ኪሎ ሜትር ከፍታ የተነሣ የሳተላይት ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ይህ የት ነው?» አለኝ። ዙሪያው ከፍ ያለ፣ መሐሉ የጎደጎደ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ሸንተረር ያለው ምድር ነው። «አፋር ይሆን?» አልኩት። ሳቀና ወረቀቱን አዙሮ የላዩን ወደ ታች አደረገው። በዚያች ቅጽበት ጎድጓዳው ተራራ ሆነ፤ ሸንተረሩ ወንዝ ሆነ፤ ፊቴ የተዘረጋው ስሜን ነበር! ከሺህ ሜትር የሚበልጠውን የሰሜን ገደል ኮረብታ አድርጌ፣ ቧሂትን ጉድጓድ አድርጌ ነበር ያየሁት።

ነገሩ ምትሐት አይደለም። ሳተላይቷ በኛ ሰማይ የምታልፈው ጠዋት በ4 ሰዓት አካባቢ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ ምሥራቅ ስለምትሆን ሰሜን ወደ ላይ ሆኖ በሚታተም ፎቶግራፍ ላይ ብርሃኑ ከታች ይመጣል። ዐይናችን ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ብርሃን ከላይ ሲመጣ የለመደ ነው፤ ጥላውን በተሳሳተ ወገን ሲያገኘው ምድሩን ይገለብጠዋል። የማርስን ፎቶግራፍ የሚያነቡ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው ፀሐይዋ በየት በኩል እንደ ነበረች የሚጠይቁት ለዚህ ነው። በ1976 ሐምሌ ወር ቫይኪንግ 1 ያነሣችውና ብዙዎችን ያሳበደው «የማርስ ፊት» የመጣውም ከዚሁ ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በነበረችበት ሰዓት የተነሣ፣ ዐይንና አፍንጫ ያለው የሚመስል ግዙፍ ፊት ነበር። በ1998 እና በ2001 ሌላ መንኩራኩር በተሻለ ብርሃንና ካሜራ ስታነሣው የተሸረሸረ አምባ ሆኖ ተገኘ። ፈረንጆች ለዚህ ቅርጽ ቃል ለመፈለግ ወደ ስፓኝኛ ሄደው «ጠረጴዛ» የሚል ተውሰዋል። እኛ ዘንድ ቃሉ በቤት አለ። ወህኒ አምባን የሚያውቅ የጎንደር ሰው ያንን ፎቶግራፍ ቢያይ «ማን ታስሮበታል?» ብሎ ይጠይቅ እንደሆነ እንጂ ፊት ነው ብሎ አይደነግጥም ነበር።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ቀረ፤ ነጩ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ምልክት። በ1970ዎቹ የስሜን ብሔራዊ ፓርክ ዋርደን የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ በከፍተኞቹ ጫፎች ጥላማ ጥግ ላይ አፈርና ድንጋይ ተደባልቆ በካብ መልክ የተከመረባቸውን ቦታዎች እያሰሰ መዘገበ። ካቡን ሰው አልካበውም። የበረዶ ግግር ሲንሸራተት የገፋውን ድንጋይ፣ ሲቀልጥ ጠርዙ ላይ ጥሎት የሄደ ነው። በመጨረሻው የብርድ ዘመን፣ ዛሬ ጅብራ የበቀለበት ምድር ከፊሉ በጸና ግግር ተሸፍኖ ነበር። ሁርኒ ጥናቱን በ1982 አሳተመ። እኔ ታዲያ ያን ጊዜ የት ነበርኩ? «ሐሰት» ለማስተማር እየተዘጋጀሁ!

ማርስ ላይ ያለው ካብ ግን ለብዙ ጊዜ አከራክሯል። ኦሊምፐስ ተራራ አጠገብ በመስመር ከተሰለፉት ሦስት እሳተ ገሞራዎች አንዱ አርሲያ ይባላል፤ የሚገኘው በማርስ የምድር ወገብ አካባቢ፣ በረዶ ሊቀመጥበት በማይገባ ቦታ ነው። ቫይኪንግ ባነሣቻቸው ፎቶግራፎች ላይ በምዕራባዊው ጎኑ ማራገቢያ የመሰለ ሰፊ ክምችት፣ በዳርቻውም እርስ በርሳቸው የሚከታተሉ ቀጫጭን ሸንተረሮች ታዩ። አንዳንዱ የመሬት መንሸራተት ነው አለ፤ አንዳንዱ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው አለ፤ አንዳንዱ በረዶ ጠቀሰ። በ2003 ጄምስ ሄድ እና ዴቪድ ማርሻንት ሸንተረሮቹን በአንታርክቲካ ደረቅ ሸለቆዎች ውስጥ በእግር እየሄዱ ከሚታዩ የግግር ምልክቶች ጋር አስተያይተው፣ ይህ የተራራ ግግር የተወው ካብ ነው አሉ። ከዋልታ የራቀ በረዶ ከየት መጣ? ማርስ እንደኛዋ ምድር ደገፍ የሚያደርጋት ትልቅ ጨረቃ ስለሌላት ዘንጓ በረጅም ዘመን ውስጥ እጅግ ይዘምማል። በጣም ሲዘም የዋልታዎቹ በረዶ እየተነነ ሄዶ በከፍተኞቹ ተራሮች ጎን ላይ ይወርዳል። ማንም አርሲያ ላይ ቆሞ ድንጋዩን አላነሣም። ያለው ማስረጃ ፎቶግራፍና በሌላ አገር የተረገጠ ተመሳሳይ ምድር ነው። እኔ እስካነበብኩት ድረስ ግን ከተባሉት ሁሉ ይሄኛው ይበልጥ ያሳምነኛል።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ወደ ስሜን ወጣሁ፤ ጎንደር ተወልጄ አድጌ፣ ስለ ስሜን አስተምሬ፣ ከደባርቅ አልፌ አላውቅም ነበር። ጨነቅ አድረን ጎህ ሳይቀድ ወደ ቧሂት ተነሣን። አብሮኝ የነበረው ጠብመንጃ ያነገበ የፓርክ ጠባቂ ነው፤ የበየዳ ተወላጅ መሆኑን ሲነግረኝ ስለዚያ ልጅ ጠየቅሁት። በዚያ ስም የሚጠሩ በመንደሩ ብቻ ሦስት አሉ አለኝ። አክስቱን፣ የተማረበትን ዓመት ነገርኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

ጫፉ አጠገብ ስንደርስ ፀሐይ ያልደረሰበት የአለት ጥግ ላይ ከሁለት ጋቢ የማይሰፋ ነጭ ነገር ተኝቷል። ተንበርክኬ ዘገንኩት። መዳፌ ውስጥ ጠጠር ይሁን ጥጥ ሳልለይ ውሃ ሆነ። ሁለተኛ ዘገንኩ፤ ያም ፈሰሰ።

«ይህን ምን ትሉታላችሁ?» አልኩት።

«እንዳመጣጡ ነው ጋሼ» አለኝ። «እየጮኸ የወረደ እንደሆነ በረዶ ነው። ድምፅ ሳያሰማ ያደረ እንደሆነ አመዳይ እንለዋለን።»

«ይህኛውስ?»

ጠብመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና «እኔ እንጃ» አለ፤ «ተኝቼ ነበር።»